የጥጥ ፈተና

አረፋ የተቀቡ ሦስት ፊቶች ወደ በሩ ዞሩ። አንደኛው ከአፍንጫ በታች ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ሁለተኛው ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ቀርቶታል፤ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ልማዱ አገጩን ቆርጦ ቁራጭ ወረቀት ለጥፎበታል። ሦስቱም ምላጫቸውን አየር ላይ እንደያዙ ደጃፉ ላይ የቆመውን ሰው አፍጥጠው አዩት። መነጽር ሠሪው ነበር። እሱ መሆኑን የለዩት ግን በወፍራም መነጽሩና በግራጫ ኮቱ እንጂ በፊቱ አልነበረም። ፊቱን ጢም ውጦታል።

«ጌታዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለ ሻለቃ። «እዚህ ቤት አንድ መነጽር ሠሪ እናውቅ ነበር። አያቱ ነዎት?»

ሻለቃ እንኳን ሻለቃ ሊሆን የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ተሳፋሪውን ወደ ኋላ ጠጋ በል፣ አንተ ባለ ሻንጣ በሩን ልቀቅ እያለ ሲያዝ ድምፁ መስታወት ስለሚያንቀጠቅጥ ማዕረጉን የሰጡት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ እሱም ደስ ብሎት ተቀበለ። ወሬ ስለሚበዛበት ሁልጊዜ አረፋውን ቀድሞ የሚቀባው እሱ፣ መጨረሻ ላይ ተላጭቶ የሚነሳውም እሱ ነው።

መነጽር ሠሪው ለመሳቅ ሞከረ። ሳቁ ከጢሙ ሥር የትም ሳይደርስ ቀረ። ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው።

ክፍሉ ከአናጺው የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ከወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተጠርጎ አያልቅም። በአንድ ግድግዳ ላይ አናጺው ከአሮጌ ቁም ሣጥን ነቅለው የሰቀሉት ረጅም መስታወት አለ፤ ከሥሩ ጠባብ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ሳሙናዎች፣ ጎድጓዳ ሳህኖች፣ ብሩሾች። የብሩሾቹን እጀታ በሙሉ የሠሩት አናጺው ናቸው፤ ከበርና ከወንበር የተረፈ ቁራጭ እንጨት አይጥሉም። የቤቱ ባለቤትና የሁሉም ታላቅ እሳቸው፣ ግማሹን የተላጩት፣ ናቸው። ሦስተኛው፣ ባለ ወረቀቱ፣ ሙሽራው ይባላል። የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ለሠርጉ ዋዜማ ጢሙን በወጉ ሊላጭ ብሎ መጥቶ በዚያው ቀረ፤ አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኖም ሙሽራነቱን የነጠቀው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው ጢማቸውን ይላጫሉ። በቃ፣ ማኅበሩ ይኸው ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። ሌላው ዓለም ቤቱ ሆኖ በኤሌክትሪክ መላጫ ፊቱን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ ሲወጣ፣ እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ውሃ አፍልተው፣ ሳሙና በብሩሽ መትተው፣ ምላጭ በቆዳ ላይ ስለው፣ ግማሽ ቀናቸውን ፊታቸውን ሲያሹ ያሳልፋሉ። ቢስቁባቸውም ግድ የላቸውም። ምላጭ ጉሮሮው ላይ የያዘ ሰው አይቸኩልም፣ አይቆጣም፣ ስለ ፖለቲካም አያወራም። በሳምንት አንድ ቀን እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ሁሉም ተላጭቶ ሲያበቃ ደግሞ የጥጥ ፈተና አለ። አናጺው ከብልቃጥ ውስጥ ጭብጥ የማትሞላ ጥጥ ያወጡና የእያንዳንዱን ሰው ፊት ከአገጭ እስከ ጆሮ ይዳስሳሉ። ጥጡ የአንድ ክር ያህል ከተያዘ ያ ሰው ወድቋል፤ የሁሉንም ሳህን ያጥባል። ሙሽራው የሳህን አጣቢነቱን ሥራ ርስት አድርጎታል። መነጽር ሠሪው ግን አንድም ቀን ሳህን አጥቦ አያውቅም። ሌሎቹ ቁልቁል አንድ ጊዜ፣ አግድም አንድ ጊዜ ይላጩና ይተዉታል። እሱ በዚያ ላይ ሦስተኛ ይጨምራል፤ ከመንጋጋው ሥር ያለውን ቆዳ በጣቱ ወጠር አድርጎ ይዞ፣ ፀጉሩ በበቀለበት በተቃራኒው፣ ሽቅብ ይወጣበታል። ጥጡ ፊቱ ላይ ሲሄድ እንደ ብርጭቆ ነበር የሚንሸራተተው። አናጺው ራሳቸው፣ ይኼ ሰው ፊቱን ነው ወይስ መነጽር ነው የሚወለውለው እያሉ ያደንቁት ነበር። እሱም ዝም ብሎ ይኩራራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ከወር በላይ ጠፍቶ ጢሙን አንጨፍርሮ የመጣው።

ሻለቃ ሊለቀው አልቻለም። የሃይማኖት ሰው ሆነሃል ወይስ ቆንጆ ተማሪ አይተህ ነው፣ ሚስትህስ ደህና አደርክ ስትልህ ለየትኛው ነው የምትለው እያለ ለከፈው። ሙሽራው እየሳቀ የሞቀ ውሃ በሳህን ቀዳ። የክፍሉ ሕግ ግልጽ ነው፤ ጢሙን ይዞ የገባ ሰው ጢሙን ይዞ አይወጣም። እንግዳ ቢሆን ይላጫል፣ የማኅበሩ አባል ቢሆን ደግሞ ይባስ። መሀል ላይ ያለችውን ወንበር ጎትቶ ወደ መስታወቱ አዞረለት።

መነጽር ሠሪው አልተቀመጠም። ከኮቱ ኪስ ጠባብ የቆዳ ማህደር አወጣና መደርደሪያው ላይ፣ ከአናጺው እጅ አጠገብ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይኼ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ» አለ። «እኔ ከእንግዲህ ብዙም የምላጭ አይመስለኝም።»

ማህደሩን ሁሉም ያውቁታል። ውስጡ ያለው ታጣፊ ምላጭ የታላቅ ወንድሙ ነበር።

ይህን ለማለት ነበር የመጣው። ጎህ ሲቀድ አልጋው ላይ ሆኖ ነው የወሰነው፤ ምላጩን ያስረክባል፣ ሁለት ቀልድ ይሰማል፣ ይወጣል። የቀረውን ለማንም መናገር አላስፈለገውም።

የቀረው ነገር ከግራ መንጋጋው ሥር ነበር። ከወር በፊት ቤቱ ሆኖ አረፋ ሲቀባ ጣቱ እዚያ ቦታ ላይ አንዲት ጠጣር ነገር አገኘ፤ አተር ታህላለች። ጫን አደረጋት፤ አላመመችም። እሱ ነው ያስፈራው፣ አለማመሟ። ትጠፋለች ብሎ ጠበቀ። አተሯ ባቄላ አከለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቱን መላጨት ተወ። መላጨት ማለት መንካት ነው፣ መንካት ማለት ደግሞ ማወቅ ነው። ጢሙ ሲያድግ ቦታዋን ሸፈነለት፤ እሱም ደስ አለው። የሰው ዓይን አጥርቶ እንዲያይ መስታወት ሲሞርድ የሚውል ሰው፣ በመስታወት ፊት ሲያልፍ መነጽሩን ያወልቅ ጀመር።

ወንድሙም እንዲሁ ነበር የጀመረው። በዚያው በግራ በኩል፣ በዚያው መንጋጋ ሥር። ወንድሙ ጥርሴ ነው እያለ ብዙ ቆየ፤ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይስቃል። ከዚያ ሆስፒታል ሄደና የበሽታውን ስም ነገሩት። ስሙ ከተነገረው በኋላ ክረምቱን አልጨረሰም። መነጽር ሠሪው ሞኝ አይደለም፤ ሰው የሚገድለው ስሙ አለመሆኑን ያውቃል። ሆዱ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያውቀው። ሐኪም ዘንድ እስካልሄደ ድረስ ነገሩ ስም የለውም፣ ስም እስከሌለው ድረስ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደ ትናንቱ ነው። ባለቤቱ ስለ ጢሙ ስትጠይቀው ለለውጥ ያህል ነው አላት። አስተማሪ ናት፣ የማይታመን ምክንያት በየቀኑ ትሰማለች። ያምርብሃል ብላው ወደ እርማቷ ተመለሰች።

አሁን አናጺው ማህደሩን ከፍተው ምላጩን አወጡ። ፊታቸውን ጨርሰው በፎጣ አድርቀዋል፤ ለመናገር አይቸኩሉም። ምላጩን ዘረጉትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ከስለቱ ጫፍ አጠገብ የዝገት ነጥብ ነበር። ትንሽ ናት፣ የሰናፍጭ ፍሬ አታህልም። ግን አናጺው ይህን ሰው ያውቁታል። ምላጩን ሳያደርቅ አስቀምጦ የማያውቅ፣ ሙሽራው እንዲያውም በእርጥብ እጁ ስለነካበት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ያኮረፈ ሰው ነው። ምላጩን እርጥቡን ጥሎት ነው የሄደው ማለት ነው። አንድ ነገር አስደንግጦት ከእጁ አኑሮት፣ ከዚያ ተመልሶ አልነካውም።

ምላጩን አጥፈው በማህደሩ ከተቱና ሌላ፣ የራሳቸውን፣ አነሱ። የመሳያውን ቆዳ ከሚስማሩ ላይ ወጠር አድርገው ሁለት ሦስት ጊዜ አመላለሱበት።

«ተቀመጥ» አሉት። «ዛሬ የምላጭህ እኔ ነኝ።»

ሻለቃን እምቢ ማለት ይቻላል። ሙሽራውን መቆጣት ይቻላል። እኚህን ሰው ግን እምቢ ማለት እንዴት እንደሆነ መነጽር ሠሪው አያውቅበትም። ደግሞም ደክሞት ነበር። አንድን ነገር ከሰው ሁሉ ደብቆ መዋል እንዲህ እንደሚያደክም ማን ያውቃል? መነጽሩን አውልቆ ተቀመጠ፤ ክፍሉ ጭጋግ ለበሰ። ይሁን፣ አለ በልቡ። ካዩም ይዩት።

የሞቀ ፎጣ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ሳያስበው ትንፋሹን ለቀቀ። ምን ያህል እንደናፈቀው የገባው ያኔ ነው። የእርጥብ ሳሙና ሽታ፣ ብሩሹ ጉንጩ ላይ እየዞረ ሲያሻሽ የሚሰማው ድምፅ፣ ሻለቃ ከጀርባው ዶሮ ይዛ አውቶቡስ ልትገባ ስለነበረች አንዲት ሴትዮ የሚያወራው። አናጺው ረጅሙን ጢም መጀመሪያ በመቀስ ከረከሙት። ከዚያ ከቀኝ ጀመሩ። ምላጩ ጉንጩን ሲወርድ ያ የሚታወቀው ድምፅ ተሰማ፣ ወረቀት ቀስ ብሎ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት። ቀኝ ጉንጩን ጨረሱ፣ ቀኝ አንገቱን ጨረሱ። ሻለቃ አሁን የምናውቀው ሰው ብቅ አለ ብሎ አበሰረ።

በግራ በኩል ከጆሮው ሥር ጀምረው ጥቂት ወረዱ። ቆዳውን ወጠር ለማድረግ ጣታቸውን ከመንጋጋው በታች ሰደዱ። ጣታቸው እዚያው ቆመ።

መነጽር ሠሪው ዓይኑን ጨፈነ። ምላጩ ከፊቱ ላይ ሲነሳ ተሰማው። ሻለቃም የዶሮዋን ነገር መሀል ላይ ተወው፤ ከመስታወቱ ውስጥ የአናጺውን ፊት አይቶ ነው።

«ይኼ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ አናጺው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

መጀመሪያ ምንም አይደለም ሊል ነበር፤ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ወንድሜም እንዲህ ነው የጀመረው» አለ። እንባው አረፋው ላይ ወረደ፣ ከአረፋው ጋር ተደባልቆ አንገቱ ላይ ባለው ፎጣ ላይ ተንጠባጠበ። ሊያብሰው እጁን ከጨርቁ ሥር ለማውጣት ቢታገልም አልወጣለትም፤ ሙሽራው ነው ቀስ ብሎ በፎጣው ጫፍ የጠረገለት።

ከዚያ ሻለቃ ተነሳ። ፎጣውን ከትከሻው ላይ አወረደና ፊቱን በአንድ እጁ ሙልጭ አድርጎ ጠረገ፤ ጢሙን ገና አንዴም አልተላጨም፣ ከጆሮዎቹ ጀርባ አረፋው እንዳለ ነው። ተነሳ፣ መንገዱን ተሻግረን ክሊኒክ እንሄዳለን አለ። መነጽር ሠሪው ሰኞ እሄዳለሁ አለ። እንዲህ ሆኜ በመንገድ አልሄድም፣ ቢያንስ ይጨረስልኝ አለ። አናጺው ግን ምላጩን አጥፈውት ነበር፤ እዚያች ቦታ ላይ ስለት አላሳርፍም አሉ። ሰኞ ይሻላል፣ እውነቴን ነው ሰኞ እሄዳለሁ እያለ ሲለማመጥ ሻለቃ በአውቶቡስ ድምፁ አቋረጠው።

«ሰኞ ብቻህን ነህ» አለው። «ዛሬ አራት ነን።»

ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም።

የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። አራት ሰዎች ገቡ፤ አንደኛው ግማሽ ጢም ያለው፣ ሁለተኛው ከጆሮው ጀርባ አረፋ የደረቀበት፣ ሦስተኛው አገጩ ላይ ደም የነካው ወረቀት የለጠፈ። ሙሉ ሰው የሚመስሉት አናጺው ብቻ ነበሩ። ስም የምትመዘግበው ሴት ተደባድባችሁ ነው ብላ ጠየቀች። ሻለቃ የመልስ አፍ አላጣም ነበር፤ ለዛሬ ዋጠው። ተራቸውን ይዘው ተደርድረው ተቀመጡ። ስሙን ሲጠሩት ሦስቱም አብረውት ብድግ አሉ። ነርሷ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው ብላ መለሰቻቸው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ግማሽ ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጥ አደረገችና መብራቷን ሳበች። የአንገቱን ግራና ቀኝ፣ ከጆሮው ጀርባ፣ ከብብቱ ሥር ዳሰሰች። ክብደት ቀንሰዋል ወይ፣ ሲውጡ ይከብድዎታል ወይ፣ ሌሊት ያልብዎታል ወይ ብላ ጠየቀችው። የለም፣ የለም፣ የለም። ከዚያ ያልጠበቀውን ጥያቄ ጠየቀችው፤ ጢምዎን የሚላጩት እንዴት ነው?

ይኼኔ ሰውዬው ፍርሃቱን ረሳ ማለት ይቻላል። የሳሙናውን ዓይነት፣ የውሃውን ሙቀት፣ ምላጩ በቆዳው ላይ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ያስረዳት ጀመር። አንዴ ቁልቁል፣ አንዴ አግድም፣ ከዚያ...

«ሽቅብም?» አለችው።

«አዎ። ቆዳውን በጣቴ ወጠር አድርጌ።»

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ይቆነጥጥዎታል አለችና ማደንዘዣ ወጋችው። ከዚያ የሆነውን አላየም፤ ጣሪያው ላይ ያለችውን የውሃ ምልክት ነበር የሚያየው። የሆነ ነገር ቆዳው ውስጥ ሲላቀቅ፣ አንዳች ሙቅ ነገር ሲወርድ ተሰማው። እሷ ጠረገች፣ ጎንበስ አለች፣ በቀጭን መቆንጠጫ አንድ ነገር ቀስ አድርጋ ሳበች። ሳበች፣ አሁንም ሳበች። ከዚያ በነጭ ፋሻ ላይ አኑራ ዓይኑ ሥር አመጣችለት።

ፀጉር ነበር። አንድ ዘለላ ጥቁር ፀጉር፣ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ የሰዓት ሞላ የመሰለ።

ቆዳው ተወጥሮ ሽቅብ ሲላጭ ፀጉሩ ከቆዳው በታች ይቆረጣል አለችው። ቆዳው ሲመለስ በላዩ ይዘጋበታል። ፀጉር ደግሞ ተዘጋብኝ ብሎ ማደጉን አይተውም፤ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ያድጋል፣ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥረውና ዙሪያውን ያጥርበታል። እብጠቱ አጥሩ ነው።

«ይኼ ብቻ ነው?»

«ይኼ ብቻ ነው።»

አላመናትም። ስለ ወንድሙ ነገራት፤ ለማንም እንዲህ ዘርዝሮ ተናግሮ አያውቅም። ሐኪሟ ጓንቷን ልታወልቅ ጀምራ ነበር፤ ተወችውና እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። በዚህኛው ጊዜ ቀስ እያለች፣ የምትነካውን እየነገረችው ሄደች። እዚህ ንጹህ ነው። እዚህም ንጹህ ነው። የወንድምዎ ዓይነት ሲሆን እዚህ ጋ ነበር የማገኘው፤ ይኸው ምንም የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ይምጡና ቁስሉን አየዋለሁ፣ እስከዚያ ግን ይተኙ፣ እንቅልፍ የተኙ አይመስሉም አለችው። ለአንድ ወር ምላጭ እንዳያስጠጋ፣ ሽቅብ የሚባለውን ነገር ደግሞ ለዘለዓለም እንዲረሳው አዘዘችው። የቀረው ግማሽ ጢምስ ብሎ ሲጠይቃት በመቀስ ያስተካክሉት፣ ወይም እንዲሁ ይታገሱት አለችና አሁን ሳቋን ለቀቀችው።

ሊነሳ ብድግ አለ። እንደገና ተቀመጠ። ነፍሱ ከሄደችበት ቀስ ብላ ስትመለስ ይሰማዋል። ራበው። ጠዋት ምንም አልቀመሰም፤ ለነገሩ ከወር ወዲህ ምግብ ምግብ ብሎት አያውቅም። አሁን በአንድ ጊዜ ራበው።

ሦስቱ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። በሩን ከፍቶ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ አንገቱ ላይ ፋሻ ተለጥፏል፣ ሳያያቸው ዞሮ በሩን ዘጋ። ሙሽራው ፊቱ አመድ ሆነ። አናጺው ግድግዳውን ያዙ።

«ፀጉር ነው» አላቸው በመጨረሻ። «ሽቅብ ስላጭ ወደ ውስጥ የበቀለ ፀጉር ነው። ሌላ ምንም የለም፣ ደህና ነኝ።»

ሻለቃ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግድግዳው ላይ እጅ ስለመታጠብ የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር፤ እሱን እንደሚያነብ ሰው ቆመ። ትከሻው ሲነቃነቅ ማንም ያላየ መሰለ። ቆይቶ ዞር ሲል ድምፁ ተመልሶለታል። አንድ ፀጉር ነው እንዲህ ያሯሯጠን፣ ለአንድ ፀጉር ነው ሳልላጭ የወጣሁት አለ። መነጽር ሠሪው ሲስቅ ማደንዘዣው ግማሽ አፉን ስለያዘው ሳቁ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ይኼ ደግሞ ይባስ አሳቃቸው። የመዝገቧ ሴት በመስኮቷ ብቅ ብላ ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጠቻቸው። አልቻሉም።

አናጺው ግን ለመሳቅ ዘገዩ። ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርሱ ክንዱን ያዙት። ጥጡን ያመጣሁት እኔ ነኝ አሉት፤ ቀልድ ብዬ ነው፣ ፊትህን እስክትልጥ ድረስ የምትወዳደርበት መቼ መሰለኝ። መነጽር ሠሪው ኩራቱ የራሱ እንደነበረ፣ ማንም ሽቅብ ተላጭ እንዳላለው ነገራቸው። ግን አልተጽናኑም። ብልቃጡን ዛሬውኑ ከነጥጡ እንደሚጥሉት ማሉ። ሻለቃ እዚያው በር ላይ ቆሞ በአዋጅ መልክ ተናገረ፤ ከዛሬ ጀምሮ የማኅበሩ አንደኛ ሙሽራው ነው፣ ምክንያቱም በዕድሜው ሽቅብ ተላጭቶ አያውቅም፣ ቁልቁሉንም ገና አልቻለበትም። ሙሽራው እጁን አገጩ ላይ ሰዶ ወረቀቱን ነካ አደረገና ሹመቱን ተቀበለ። ዝገቷን አስለቅቄ ምላጭህን እቤት አመጣልሃለሁ አሉ አናጺው ሲለያዩ፤ የሚያስፈልግህ ቀን ይመጣል።

ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ግን በእግሩ ዞሮ ሄደ። ፋሻው አቧራ እንዳይነካው የኮቱን አንገትጌ ቀና አድርጎታል። ሰው ሁሉ ያየዋል። ጫማ የሚያስጠርግ ሰውዬ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ሁለት ልጃገረዶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲያልፉ ወደ ኋላ ዞረው ሳቁ። ፍራፍሬ ሻጯ፣ ግማሹን ለማን ተዉት ብላ ጠየቀችው። ለነገ ነው የተውኩት አላት። ድሮ ኮቱ ላይ ክር ቢታይበት ከመንገድ የሚመለስ ሰው ነው፤ ዛሬ ከተማው በሙሉ ቢስቅበት ደስታው ነው። ሙዝ ገዛና እየሄደ በላ፣ በአንድ ጎን፣ ማደንዘዣው ባልያዘው በኩል። በሕይወቱ እንዲህ የሚጣፍጥ ሙዝ በልቶ አያውቅም።

ለባለቤቱ የሚላትን መንገድ ላይ አዘጋጀ። ፊቱን ስታይ ትደነግጣለች፣ ከዚያ ትስቃለች፤ ከሳቀች በኋላ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዋዛ፣ አንድ ትንሽ እብጠት ነበረችብኝ፣ ሄጄ አስነቀልኳት ይላታል። በዚያው ያበቃል። ከዚህ ሁሉ ቀን ጭንቅ እሷ ምንም ሳይደርሳት በመቅረቷ ራሱን እንደ ጀግና ቆጠረ።

ቁልፍ ነበረው፤ ግን አንኳኳ። ከፈተችለት። እርማት ላይ ነበረች፤ ቀዩ እስክሪብቶ ጣቶቿ መሀል ነው። በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ አለና እስክትስቅ ጠበቀ።

አልሳቀችም። ፊቱን ያየችው አትመስልም ነበር። እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። እጇን ዘረጋችና ወደ ተነሳው አንገትጌ ሰደደችው፤ በግራ በኩል፣ ከመንጋጋው ሥር። አልፈለገችም፣ አልዳበሰችም። መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ቀጥታ ሄዳ እዚያችው ቦታ ላይ አሳረፈችው። ጣቶቿ ፋሻውን ሲነኩ ቆሙ።

ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት።

«ፀጉር ነው» አላት። «ሐኪም አየችው። ሁለት ጊዜ አየችው። ፀጉር ብቻ ነው።»

ባለቤቱ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። እሱም ምን እንደሚያደርግ ቢጠፋው አጠገቧ ተቀመጠ። የጎረቤት ሴትዮ ልብስ ይዛ አለፈች፤ ሰላም አለቻቸው፤ አልመለሱላትም። ባለቤቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ብዙ ጊዜ ቆየች።

«ማታ ማታ» አለች ከእጆቿ ሥር፣ «እንቅልፍ እስኪወስድህ እየጠበቅሁ እነካው ነበር። አድጎ ይሆን፣ አላደገ ይሆን እያልኩ። ስትነግረኝ አብሬህ ልደነግጥ ነበር የምጠብቀው።»

አጠገቧ እንደተቀመጠ አንድ እጇን ከፊቷ ላይ አንስቶ ያዘው። በየሌሊቱ ጎን ለጎን ተኝተው፣ እሱ እሷ የማታውቅ መስሎት፣ እሷም የማታውቅ መስላ ከርመዋል። ይቅርታ ሊላት ፈለገና ቃሉ አነሰበት፤ እጇን አጥብቆ ያዘ። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተረጋጋ። ከልቧ እፎይ ብላ፣ ሌላውን እጇን ከፊቷ ላይ አወረደችና ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው፤ መጀመሪያ የተላጨውን፣ ቀጥላ ያልተላጨውን፣ እንደገና የተላጨውን።

«ውይ» አለችው፣ «ፊትህ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?»